ሐይቁን የገደልንበት ዓመት

ሁለቱ በሬዎቼ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞቱ። መጀመሪያ ዳለቻው ከበረት አልወጣም አለ። ዓይኑ ያለቅሳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ውኃ ስሰጠው አሽትቶ ይመልሳል። በአራተኛው ቀን ወደቀ። ቀዩ ጓደኛው ሬሳውን ሲያሸት ዋለና በሰንበት ማግስት እሱም ተከተለው። ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበርኩ። ከአንኮበር ቁልቁል ግማሽ ቀን በሚያስኬደው ተረተር ላይ፣ ከአባቴ በወረስኩት ርስት፣ ከሚስቴና ገና ሰባት ዓመት ካልሞላት ልጄ ጋር እኖር ነበር።

ሬሳውን ጎትቼ ገደል የከተትኩት ብቻዬን ነው። የሚረዳኝ ጎረቤት አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን እየጎተተ ነበር። ከደብረ ብርሃን የመጣ መንገደኛ እስከ ጫጫ ድረስ ያለው ሜዳ በከብት ሬሳ መሸፈኑን፣ ጅብ እንኳ ጠግቦ በቀን መንገድ ዳር እንደሚተኛ ነገረን። አላመንነውም። በወሩ አመንነው።

በሬ የሌለው ገበሬ ዶማ ያነሣል። እኛም አነሣን። ሁለት ጥማድ መሬት የነበረው ሰው የጓሮ ያህል ቆፍሮ ዘራ፤ እሱንም ዝናቡ ከዳው፤ የተረፈውን ተምች በላው። በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ የእህል ጉድጓዴን ከፍቼ ወረድኩና ግድግዳውን በእጄ እየጠረግሁ ያገኘሁት አንድ እፍኝ የሻገተ ገብስ ነበር። ሚስቴ ከላይ ሆና «ስንት ቀን ይሆነናል?» አለችኝ። ከጉድጓዱ ስወጣ ፊቴን አይታ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ከቤተ ክርስቲያናችን በታች ሐይቅ ነበረች። ሐይቅ እንበላት እንጂ ከወዲያ ማዶ ሰው ቢጣራ ስሙን ለይተህ ትሰማለህ። ዙሪያዋን ደንገል በቅሎባታል። ውስጧ ዓሣ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከብት ስናጠጣ ውኃው ላይ ሲዘል እናየዋለን። ግን በእኛ አገር ዓሣ የሚበላ ገበሬ አልነበረም። ዓሣ የሚበላው ባለጅ ነው ይባል ነበር፤ ይህ ከተባለ ደግሞ ነገሩ አለቀ።

ባለጁ ከሐይቋ ማዶ፣ ከሰው ቤት ተለይቶ፣ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል። እሱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ እሷ ሸክላ ትሠራለች። ማረሻችን፣ ማጭዳችን፣ ምጣዳችን፣ ገንቧችን የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ግን ቤታቸው ገብተን አንቀመጥም፣ እህል አንቀምስም። ቡዳ ነው እንላለን። ልጆቻችንን ሲያይብን ነጠላ እንጥልባቸዋለን። እኔም ጥያለሁ። አባቴ ሲያደርግ ያየሁትን አደረግሁ፤ ምን ክፉ ሠራ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

አንድ ጠዋት ሚስቴ ውኃ ቀድታ ተመለሰችና እንስራዋን ሳታወርድ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«የባለጁን ልጆች አየኋቸው» አለችኝ።

«እና?»

«ይሯሯጣሉ። እርስ በርሳቸው እየተሯሯጡ ይስቃሉ።»

ልጃችን ጥግ ላይ ተኝታለች። ከተኛችበት ካልተነሣች ሦስት ቀኗ ነው። ሚስቴ ወደ እሷ አልተመለከተችም፤ እኔም አልተመለከትኩም። «ምን ቢበሉ ነው?» አለችና እንስራዋን አወረደች።

የማላርስበትን ማረሻ ይዤ ሄድኩ። ባዶ እጄን መሄድ አፈርኩ። ባለጁ ከደጁ ተቀምጦ ነበር፤ ጢሙ የሸበተ፣ እጆቹ ከሰውነቱ የሚከብዱ የሚመስሉ ሰው ነው። ከመቀመጫው ተነሣና «ምን ፈለጉ ጌታዬ?» አለኝ።

«ይህን ሳልልኝ።»

ማረሻውን ተቀብሎ አገላበጠው። «በሬ አገኙ?»

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ ለምን ይሳላል?»

ልጄ እየሞተች ነው አልኩት። ሌላ ቃል አልወጣኝም። እሱም ሌላ ቃል አልጠየቀኝም። ወደ ውስጥ ገባና ከጣት የማትበልጥ፣ ጫፏ እንደ እሾህ የሾለች፣ ጠማማ ብረት ይዞ መጣ። መንጠቆ ነበረች።

«ዛሬ የሚበሉትን እኔ እሰጥዎታለሁ። ነገ ግን ራስዎ ይያዙ» አለኝ።

ያን ቀን በቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት ዓሣዎች ይዤ ተመለስኩ። የዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ሚስቴ ቅጠሉን ገልጣ አየችና ወደ ኋላ አለች። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ካህናቱ ራሳቸው አልተስማሙበትም፤ የእሷ ፍርሃት ግን የጾሙ ብቻ አልነበረም። «ከእሱ እጅ?» አለችኝ።

«ከእሱ እጅ።»

ድስት ጣደች። ልጅቷ ገና ጾም አልያዘችም ነበርና መረቁን በእንጨት ማንኪያ አጠጣናት። በማግስቱ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ሥጋውን ከአጥንቱ በጣቷ እየለየች በላች። በአምስተኛው ቀን ሚስቴም በላች፤ እያለቀሰች በላች።

ባለጁ ዓሣ ማጥመድ ያስተማረኝ እንዲህ ነው። ከፈረስ ጭራ ክር ገመደልኝ። ሸምበቆ ቆረጥኩ። ትል ከየትኛው አፈር እንደሚገኝ፣ መንጠቆው ላይ እንዴት እንደሚሰካ አሳየኝ። ፀሐይ ከኋላዬ ስትሆን ጥላዬ ውኃው ላይ እንደሚወድቅና ዓሣው እንደሚሸሽ ነገረኝ። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ወዲያው መጎተት እንደሌለብኝም ነገረኝ። «የመጀመሪያው ቅምሻ ነው፤ ሁለተኛው ጉርሻ ነው፤ በጉርሻው ይጎትቱ» ይለኝ ነበር። ለብዙ ቀን በቅምሻው እየጎተትኩ ባዶ መንጠቆ አወጣሁ። እሱ አይስቅብኝም። ከደንገሉ መሐል ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዳንዴ ከጠዋት እስከ ቀትር አንድ ቃል አንነጋገርም።

ትንንሾቹን ያስመልሰኝ ነበር። እጄ ላይ የምትንፈራገጥ፣ ከመዳፌ የማትበልጥ ዓሣ ስይዝ፣ ቤቴ ያለውን ረኃብ እያሰብኩ፣ መመለስ ሞት ይመስለኝ ነበር። «ይመልሷት» ይለኛል። «ውኃዋ ትንሽ ናት። እኛ ከእሷ ጋር ክረምቱን መሻገር አለብን።» ሆዷ የተነፋውን፣ ዕንቁላል የያዘችውንም ያስመልሰኛል። ከቤቱ ሁለት ልጆች አሉት፤ እሱም ይመልሳል። ስለዚህ መለስኩ።

«አንቱ» ማለት የጀመርኩት በስንተኛው ቀን እንደሆነ አላስታውስም። አንድ ጠዋት «እንዴት አደሩ» አልኩት፤ ከአፌ ያመለጠኝ ይመስል ሁለታችንም ወደ ክሩ ተመለከትን። ከዚያ በኋላ በዚያው ቀጠልኩ። ሰው በሌለበት።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ይከብደኝ ጀመር። እኛ ቤት ሰው አልሞተም። ጎረቤቴ ሁለት ልጆቹን ቀበረ። በሁለተኛው ቀብር ላይ ሰዎቹ ፊቴን ሲመለከቱ አየሁ፤ ጉንጬ አልጎደለም። የዓሣውን አጥንት በጓሮዬ እየቀበርኩ፣ በተዝካር ስም ከተሰበሰቡ ረኃብተኞች ጋር ተቀምጬ እንደ እነሱ መቃተትን ተማርኩ። ሚስቴ ጭሱ እንዳይታይ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጠብቃ ትቀቅላለች። ልጃችንን «ለማንም አትናገሪ» ብለን ምላሷን አሰርን።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ተናገርኩ። ያላቸውን ቂጣ ለሰው አካፍለው ራሳቸው በመቋሚያ ተደግፈው የሚቆሙ ቄስ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓሣውን ስናገር አልተቆጡም፤ ከባለጁ ጋር መዋሌን ስናገር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ መደበቄን ስናገር ግን ገለጡት።

«ልጄ፣ ወንድምህ ሲሞት አንተ እየበላህ ዝም አልክ?»

«ባለጁ ሐይቋ ትንሽ ናት ብሎኛል፤ ለሁሉ አትበቃም ብዬ ነው።»

«የሚበቃውንና የማይበቃውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ሂድና ንገር።»

ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ዛሬም እንዲህ ብለው ባልተናገሩ ብዬ አልወቅሳቸውም፤ ስሕተታቸው የት ላይ እንደሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ፈልጌ አላገኘሁትም። የእኔን ስሕተት ግን አውቀዋለሁ። መናገሩን ተናገርኩ፤ ግማሹን ብቻ።

በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሰው በደጀ ሰላሙ ሲሰበሰብ፣ ሐይቋ ውስጥ ብዙ ዓሣ እንዳለ፣ እንደሚበላም ከመንገደኛ እንደሰማሁ አወራሁ። ባለጁን አላነሣሁም። በመንጠቆ ሦስት ወር እንደበላሁ አላነሣሁም። ሰዉ መጀመሪያ ተጸየፈ። ከዚያ አንዱ «ረኃብ ጾምም ነውርም አያውቅ» አለ፤ ሌላውም አንገቱን ነቀነቀ። ጭቃ ሹማችን ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ትልቅ ሰው ነበር። እሱ በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ ሰዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃ ውስጥ ሲበትኑ፣ ዓሣውም ሰክሮ ሲንሳፈፍ ማየቱን አስታወሰ። «መንጠቆ፣ ክር፣ ምን ያደርግልናል? በአንድ ቀን ሙሉውን እናወጣዋለን» አለ።

ብርብራ የሚገኘው ከታች ከሸለቆው ነው። ወርዶ የሚመለስ ጉልበት ያለው ማነው ሲባል ሁሉም እኔን ተመለከተ። ጉልበቱ ነበረኝ። ከየት እንዳገኘሁት ከማስረዳት ይልቅ መውረዱ ቀለለኝ።

አንድ ሙሉ ቀን ወርጄ፣ የብርብራውን ዛፍ በዱላ አራግፌ፣ በስልቻ ሞልቼ በማግስቱ ወጣሁ። መንገዱ በባለጁ ደጅ ያልፋል። በሌላ ልዙር ብል አንድ ተራራ ይጨመርብኝ ነበርና በደጁ አለፍኩ። አልወጣም፤ አላየኝም ብዬ አሰብኩ።

ዓሣው ሊወጣ በታሰበበት ጠዋት ሰው እንቅብና ቅርጫት ይዞ ከሐይቋ ዳር ተሰለፈ። ሴቶቹ ፍሬውን በሙቀጫ ይወቅጣሉ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያ የሙቀጫ ድምፅ ነበርና ልጆቹ እህል መስሏቸው ተሰበሰቡ። በዚህ መሐል ባለጁ መጣ። ከሰዉ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመና ነጠላውን ከራሱ አወረደ።

«ጌቶቼ፣ አንድ ነገር ልናገር» አለ።

ጭቃ ሹሙ «ከዚያው ሆነህ ተናገር» አለው።

«ግንቦት ነው፤ ውኃው ጎድሏል። ብርብራው ትልቁንም ትንሹንም ይገድላል፤ ዘር አይተርፍም። ዛሬ ትበላላችሁ፤ ነገስ? ክረምቱ ገና ከፊታችን ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የቀረኝ ብረት አለ። ለየቤቱ አንድ አንድ መንጠቆ እሠራለሁ። ዋጋ አልጠይቅም። አያያዙንም አሳያለሁ። እንዲህ ብናደርግ እስከ መስከረም ታደርሰናለች።»

ሰዉ ለአፍታ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ «እውነቱን ነው፤ ልጄን ያዳነው እሱ ነው፤ ሦስት ወር በመንጠቆው በልቻለሁ» ብል ኖሮ ምናልባት ግማሹ ይሰማኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከሰዉ መሐል አንዲት ሴት «ቡዳ የሠራው መንጠቆ የነካውን ዓሣ ልጄን ላብላ?» ብላ ጮኸች። ሳቅም ቁጣም ተነሣ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

«ሐይቋን ለብቻው ይዞ ኖሯል፤ አሁን ሊያስቀርብን ነው» አለ ጭቃ ሹሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «በትን!» አለኝ።

በተንኩ። ውኃው ላይ እንደ ሳሙና ነጭ አረፋ ተነሣ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ አንድ ዓሣ አፉን ከውኃ አውጥቶ እየከፈተና እየዘጋ ብቅ አለ፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ መቁጠር አቃተን። ሐይቋ ሙሉ በነጭ ሆድ ተሸፈነች። ሰው እየጮኸ ገባ። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ልጅ፣ እስከ ደረት ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ በሁለት እጁ ያፍሳል። ከጣት የማይበልጡትን እንኳ አፈሱ። ብዙ ወር ያልሰማሁት ሳቅ ያን ቀን ሰማሁ፤ እውነት እላለሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ቀና ስል ባለጁ አልነበረም።

ሰዉ የሐይቋ ዳር ላይ እሳት አንድዶ ሳይበስል በላ። የራበው ሆድ ድንገት ሲሞላ እንደሚገድል አሁን አውቃለሁ። በረኃቡ ዘመን በየአገሩ ታይቷል፤ ያን ቀን ግን የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ቤት ሆዳችን ምግብ ለምዶ ነበርና ምንም አልሆንንም። ከሌላው ቤት ግን በማግስቱ ቁርጠት፣ ትውኪያ፣ ዋይታ ተሰማ። በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ሰው ተቀበረ። አንዷ የጭቃ ሹሙ ምራት ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን ታጠባ ነበር።

ከቀብሯ መልስ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። «አትብሉ ብሎ መጣ። እኛ ዓሣውን በላን፤ እሱ እኛን በላን» አለ ጭቃ ሹሙ። ድምፁ የሐዘን ነበር። የሚጠላ ሰው ድምፅ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንቃወመው ነበር። ዱላና ችቦ ይዘን በጠራራ ፀሐይ ወደ ማዶ ተጓዝን። «ተጓዙ» አላልኩም፤ ተጓዝን።

ከቤቱ ፊት ስንደርስ ጭቃ ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ከዚህ ቤት ስትመላለስ ታይተሃል ይላሉ። ምንህ ነው?»

ሰው ሁሉ ከኔ ራቅ ብሎ ቦታ ሰጠኝ። ያ ቦታ አስፈራኝ። ሚስቴንና ልጄን አሰብኩ ብል ለራሴ ማማለድ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ያሰብኩት ራሴን ነው።

«ማረሻ ላስስል ነበር። ሌላ አላውቀውም» አልኩ። እሱም አልበቃኝ። ወደ በሩ ጠጋ ብዬ «አንተ! ውጣ!» ብዬ ጮህኩ።

ወጣ። ሚስቱና ልጆቹ ከኋላው ነበሩ። ለካ ዕቃቸውን አስቀድመው ጠቅልለዋል። ተመለከተኝ። ቁጣ ብጠብቅ ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ብጠብቅ ልመና አልነበረም። እንዲያው ውኃ ዳር ተቀምጠን ክሩን እንደሚመለከተው ተመለከተኝና ፊቱን አዞረ። መዶሻውንና ጉጠቱን በትከሻው አነገተ፤ ወናፉን ሊያነሣ ሲል አንድ ጎረምሳ በዱላ ቀደደበት። አልመለሰለትም። ትንሿን ልጅ አዝሎ በደብረ ሲና አቅጣጫ ወጡ። ቤቱ ሲቃጠል ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም።

ከዚያ በኋላ ሐይቋ ሸተተች። በመንጠቆዬ ብዙ ቀን ተቀመጥኩ፤ ክሩ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። ክረምቱ ሲገባ ዓሣው ከገደላቸው ይልቅ በረኃብ የሞቱት በዙ። ሚስቴ «እዚህ ከቆየን እንቀባበራለን» አለችኝና ቤታችንን ዘግተን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። እሷ በአንድ ባለጸጋ ቤት ወፍጮ ፈጨች፤ እኔ እንጨት ተሸከምኩ። ሦስታችንም በሕይወት ተረፍን። ልጄ የዚያን ሦስት ወር ዓሣ ባትበላ ኖሮ ክረምቱን ታየው እንደነበር ማንም አይነግረኝም።

ዓመታት አልፈው ከብት ዳግመኛ ሲገኝ ወደ ርስቴ ተመለስኩ። አንድ ቅዳሜ ጨው ልገዛ ደብረ ሲና ገበያ ወረድኩ። ሸክላ ከሚሸጥበት ዳር አንዲት ሴት ገንቦዎቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ሳላውቃት ቀድማ አወቀችኝ፤ የባለጁ ሚስት ነበረች።

«ማረሻው ደነዘ?» አለችኝ።

ከገንቦዎቹ ፊት ቁጢጥ አልኩ። «ባለቤትሽ ደኅና ናቸው?» አልኳት። «ናቸው» ያልኩት ሳላስበው ነው።

«ያኔውኑ መንገድ ላይ ቀረ። ብርድ መታው። ትልቁ ልጄ ነው አሁን የሚቀጠቅጠው።»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ብርብራውን ከሸለቆ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን። ስልቻውን ተሸክመህ በደጃችን ስታልፍ አይተንሃል። እሱ ነው ዕቃ ጠቅልዪ ያለኝ፣ ያን ቀን።»

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። «ተው። እኔ ገበያ ላይ ነኝ፤ ሸክላ እሸጣለሁ። ያንተን ሸክም እኔ ላይ አታውርድ። ገንቦ የምትገዛ ከሆነ ግዛ።»

ገንቦ ገዛሁ። ዳገቱን ስወጣ ሁለት ጊዜ አስቀምጬው አረፍኩ፤ ባዶ ገንቦ ነበር።

በሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆምኩና ያስቀረሁትን ግማሽ ተናገርኩ። መንጠቆውን፣ ሦስቱን ወር፣ የልጄን መዳን፣ አላውቀውም ማለቴን፣ ሚስቱን ደብረ ሲና ማግኘቴን፤ አንድም አላስቀረሁም። ቄሱ ሞተው ነበር፤ ሌላ ቄስ ነው የሰማኝ። ሰዉ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አንድ ሽማግሌ «ያለፈ ክረምት ቤት አያፈስም» አሉ። ከሴቶቹ አንዷ የባለጁ ቡዳ እስካሁን እንዳልለቀቀኝ ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ጭቃ ሹሙ አርጅቷል፤ የምራቱን ልጅ እጇን ይዞ ቆሟል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሰላምታዬን አልመለሰልኝም። እውነቱን ነው፤ እኔ የተናገርኩት እውነት ሆኖ ከተገኘ እሱ በከንቱ ቤት አቃጥሏል ማለት ነው።

ልጄ ያን ቀን ከእናቷ አጠገብ ቆማ ሰምታኛለች። አድጋ ለመዳር ደርሳ ነበር። ቤት ስንገባ «ያኔ መረቁን ያጠጣችሁኝ የእሱን ነው?» አለችኝ።

«የእሱን ነው።»

«እሱ ሲባረር እኔ የት ነበርኩ?»

«እዚህ። ጥግ ላይ ተቀምጠሽ ነበር።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የተሰበረ ማጭድ ይዛ ከገበያተኞች ጋር ደብረ ሲና ወረደች። በማግስቱ ተመልሳ ማጭዱን ግድግዳ ላይ ሰቀለችና ለእናቷ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ከባለጁ ልጅ ቤት ገብታ እንደተቀመጠች፣ ምሳ እንዳቀረቡላት፣ እንደበላች ተናገረች። ሚስቴ አማተበች፤ ከዚያ «ምን አቀረቡልሽ?» አለቻት።

«ሽሮ።»

ወሬው ተሰማ። ሊያጫት ሽማግሌ የላከ ቤት ሽማግሌውን መለሰ። አላለቀሰችም፤ ሌላ አገባች፣ ከእነዋሪ ወዲህ ካለ አገር የመጣ፣ ስለ እኛ ሐይቅ የማያውቅ ሰው። እስከ ዛሬ ሸክላዋን የምትገዛው ከዚያ ቤት ነው። ስትወርድ «አባባ፣ አብረን እንሂድ?» ትለኛለች። ጉልበቴን አመመኝ እላለሁ። ጉልበቴ ደኅና እንደሆነ ታውቃለች፤ ብቻዋን ትሄዳለች።